የቤተ ሰብ ዐምድ፦ በደብዛዛ ክፍል ስለሚለመልም የመስተዋት ገንዳ

ከአንዲት ወይዘሮ የደረሰን ደብዳቤ ከፊታችን ተዘርግቷል። እኚህ ወይዘሮ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ልጆቻቸው አጥብቀው ስለ ለመኗቸው አንድ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ፣ ማለት አኳሪየም፣ ከነዓሦቹና ከነአትክልቱ ገዝተው በሳሎናቸው ማእዘን አኖሩት። ሳሎኑ አንድ መስኮት ብቻ ያለው፣ መስኮቱም የጎረቤትን ግንብ የሚመለከት ስለ ሆነ ብርሃኑ ደብዛዛ ነው። አራቱ ቀያይ ዓሦች በ12 ቀን ውስጥ አለቁ። ሌሎች አራት ተገዙ፤ እነርሱም ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። አትክልቱም እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሟ። የሸጠላቸው ነጋዴ «ጉድለቱ የብርሃን ነው፤ ብርቱ መብራትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ጠርሙስ ይግዙ» አላቸው። ዋጋውን ቢጠይቁ ከአቅማቸው በላይ ሆነባቸው። «ታናሿ ልጄ የሞቱትን ዓሦች አይታ ‹እኛ ነን የገደልናቸው?› ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። ገንዳውን ልሽጠው፣ ወይስ በዚህ ጨለማ ቤት ሊሆን የሚችል ነገር አለ?» ሲሉ ደብዳቤያቸውን ፈጽመዋል።

ይህ ጥያቄ የእኚህ ወይዘሮ ብቻ አይደለም። በከተማ ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራበትና ፀሐይ የማይገባው ክፍል ያለው ቤተ ሰብ ብዙ ነውና፣ የዚህን ወር ዐምዳችንን ለዚሁ ነገር ሰጥተነዋል። መልሳችንንም አስቀድመን እንናገር። ገንዳውን አይሽጡት። ደብዛዛው ማእዘን ለገንዳው ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው። ነጋዴው የመከረው ብርቱ መብራት ግን ገንዘብ ከመጨረሱም በላይ ገንዳውን በአረንጓዴ ዝቃጭ ይሞላው ነበር። ዓሦቹንም የገደላቸው የብርሃን ማነስ አይደለም። እንግዲህ ሁለቱን ጉዳዮች፣ ማለት የአትክልቱን መሟሟትና የዓሦቹን ሞት፣ ለየብቻቸው እንመርምራቸው።

ዕፅዋት ምግባቸውን በብርሃን ኃይል እንደሚያዘጋጁ ልጆች በትምህርት ቤት ይማሩታል። ይህን በውሃ ውስጥ ገልጦ ያሳየው ያን ኢንገንሁስ የተባለው የሆላንድ ተወላጅ ሐኪም ነው። እርሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1779 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አረንጓዴ ቅጠል በውሃ ተነክሮ በፀሐይ ሲቀመጥ ከቅጠሉ ላይ አረፋ እንደሚወጣ፣ በጨለማ ሲቀመጥ ግን አረፋው እንደሚቆም አስረዳ። አረፋው እኛም ዓሦቹም የምንተነፍሰው ኦክሲጂን ነው። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው «እንግዲያውስ ብርሃኑ በበዛ ቍጥር አትክልቱ ይበልጥ ይለመልማል» ብሎ ያስባል።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ብርሃን ለአትክልት እንደ አሠሪ ነው፤ ሥራ ያዛል እንጂ ቀለብ አይሰጥም። አሠሪው በበረታ መጠን ሠራተኛው ብዙ እንጀራ ይሻል። የአትክልቱም እንጀራ በውሃው ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ፖታሽየም፣ ብረትና የመሳሰለው ነው። በገንዳ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከአየሩ ከሚገባው፣ ከዓሦቹ ትንፋሽና ከሚበሰብሰው ነገር የሚገኘው ጥቂት ብቻ ነው። ብርቱ ብርሃን ሲበራ ይህ ጥቂት ቀለብ ፈጥኖ ያልቅና ትልልቆቹ ዕፅዋት ሥራ ይፈታሉ። ያን ጊዜ የተረፈውን ብርሃን፣ በጥቂት ምግብ መኖር የሚያውቀው አልጌ ይወስደዋል። መስተዋቱ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ቅጠሉ ፀጉር የመሰለ ነገር ያበቅላል፤ ውሃውም ይደፈርሳል። የጋዙ ጠርሙስ የመጣው ለዚህ ለብርቱ መብራት ማካካሻ እንዲሆን ነው። መብራቱን ያልገዛ ሰው ጠርሙሱም አያሻውም። በጥቂት ብርሃን የሚያድግ አትክልት ግን የሚፈልገው ቀለብ ጥቂት ስለ ሆነ፣ የዓሦቹ ትንፋሽና ፍግ ይበቃዋል።

ታዲያ በጥቂት ብርሃን የሚያድገው የትኛው ነው? በዱር ሳሉ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ በጅረት ዳር የለመዱት ናቸው። ከሁሉ አስቀድመን የምናመሰግነው አኑቢያስ የተባለውን ነው። አገሩ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪቃ ደን ነው፤ ናና የሚባለው ድንክ ዓይነት የተገኘው በካሜሩን ነው። ዝርያው እኛ ከምናውቀው ከጎደሬ ወገን ነው፤ ቅጠሉም የጎደሬን ቅጠል አሳንሰው ቢያጠነክሩት የሚመስለውን ይመስላል። ስሙን በ1857 የሰጠው የኦስትሪያ የዕፅዋት ሊቅ ሾት ሲሆን፣ የጥንት ግብፃውያን የሙታን አገር አምላክ ከሚሉት ከአኑቢስ የወሰደው ተክሉ ጥላ ወዳጅ በመሆኑ ነው። ይህ ተክል በወር አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ቢያወጣ ነው፤ ችኩል ሰው አይወደውም። ነገር ግን አንድ ቅጠል ብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቈያል።

ሁለተኛው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣው የጃቫ ፈርን ነው። እርሱና አኑቢያስ እንደ ዝንጅብል ጎን ለጎን የሚሄድ ሥረ ግንድ አላቸው፤ ይህ ሥረ ግንድ በጠጠር ከተቀበረ ይበሰብሳል። ብዙ ሰው አትክልት ሁሉ ይቀበራል ብሎ ስለሚያስብ በዚህ ምክንያት ብቻ ያጠፋቸዋል። በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ማሰር ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በሥራቸው ራሳቸው ይይዛሉ። በጃቫ ፈርን ቅጠል ሥር በተርታ የሚታዩት ጥቋቍር ነጥቦችም በሽታ አይደሉም፤ የዘሩ ከረጢቶች ናቸውና አይቈረጡ። ከአሮጌው ቅጠል ጫፍም ትንንሽ ልጆች ሥር አውጥተው ሲንጠለጠሉ ይታያሉ፤ ልጆች ይህን ማየት በጣም ይወዳሉ። ሦስተኛው ክሪፕቶኮሪን ነው። በተለይ ቬንቲ የተባለው የስሪ ላንካ ተወላጅ ለደብዛዛ ክፍል የታመነ ነው፤ ይኸኛው ግን እንደ ሌላው አትክልት በጠጠሩ ውስጥ ይተከላል። በዛፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ሽበት የሚመስለው የጃቫ ሞስም ከእነዚህ ጋር ይቈጠራል።

አሁን ወደ ወይዘሮዋ አትክልት እንመለስ። ቅጠሉ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሟሟ ያሉት ምናልባት ክሪፕቶኮሪን ይሆናል። ይህ ተክል ቦታው ወይም ውሃው ሲለወጥበት ቅጠሉን ሁሉ አሟሙቶ የመጣል ጠባይ አለው። ሥሩ ግን በሕይወት ይኖራል፤ ካልነቀሉት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ደግሞም በችግኝ ማፍያ ብዙዎቹ የውሃ ዕፅዋት የሚያድጉት ቅጠላቸው ከውሃ ውጭ በእርጥብ አየር ሆኖ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገቡ የአየሩ ቅጠል ይሞታል፤ የውሃው ቅጠል በምትኩ ይወጣል። ስለዚህ የሞተውን ቅጠል ለቅሞ ማውጣት እንጂ ሥሩን መጣል አይገባም። ወይዘሮዋ ሥሩን ገና ካልጣሉት ይጠብቁት።

አንድ ነገር ግን እናስጠንቅቅ። ለገንዳ ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ፈጽሞ የውሃ ተክል አይደሉም። «ላኪ ባምቡ» የሚሉት ቀርከሃ መሳይ ተክል ቀርከሃም አይደለም፤ ቅጠሉ ከውሃ በላይ ካልሆነም ቀስ በቀስ ይበሰብሳል። ቀይ ቅጠል ያላቸውና እንደ ምንጣፍ መሬቱን የሚሸፍኑት ደቃቃ ሣሮች ደግሞ ከብዙዎቹ ጋር ብርቱ ብርሃን የሚሹ ስለ ሆኑ ለዚህ ማእዘን አይሆኑም፤ ሲያዩዋቸው ግን ያማልላሉ።

ስለ መብራቱ ልክ ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። ርዝመቱ 60 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 30 ሳንቲሜትር፣ የውሃው ከፍታ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ገንዳ 54 ሊትር ውሃ ይይዛል። በልማድ እንደ ታወቀው ለጥላ ወዳጅ ዕፅዋት በአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ያለው ብርሃን ይበቃል። ይህም ለ54 ሊትር ከ540 እስከ 1,080 ሉመን መሆኑ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ አምፑል 800 ሉመን ያህል ስለሚሰጥ ከዚህ ልክ ውስጥ ይውላል። በቀን 7 ሰዓት ቢበራ በወር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ሁለት ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከአምፑሉ ማሸጊያ ላይ 6,500 ኬልቪን ወይም «የቀን ብርሃን» የሚለውን ቢመርጡ ቀለሙ ያምራል። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ማብራት፣ በአንድ ሰዓት ማጥፋት ያሻል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል። አልጌ ሲታይ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት መቀነስ እንጂ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ አይገባም። ገንዳውንም ቀጥታ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አያኑሩት።

ይህ ለአትክልቱ ነው። የዓሦቹ ነገር ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ ቅጠል ሟሙቶ ያቈጠቍጣል፣ የሞተ ዓሣ ግን አይመለስም። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞንያ የተባለ መርዝ ወደ ውሃው ያወጣል። ተርፎ የሚበሰብሰውም ምግብ እንዲሁ አሞንያ ይሆናል። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውሃው ብዙ ስለ ሆነ ይህ አይጎዳውም፤ በ54 ሊትር ውስጥ ግን በጥቂት ቀናት ተከማችቶ ስንጥቡን ያቃጥለዋል። ዓሣው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ክንፉን ያጥፋል፣ ከዚያም ይሞታል። ውሃው ለዓይን እንደ ብርሌ የጠራ ነውና ማንም አይጠረጥረውም።

ከዚህ መርዝ የሚያድኑት በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ተሐዋስያን፣ ማለት ባክቴሪያዎች ናቸው። እነዚህን ለይቶ በማውጣት ሥራቸውን በ1890 ገደማ ያስረዳው ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩስያ ሊቅ ነው። አንደኛው ወገን አሞንያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ ናይትራይትም ራሱ መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይህ እጅግ የቀለለ ስለ ሆነ አትክልቱ ይመገበዋል፣ የተረፈውም ውሃ ሲቀየር ይወጣል። ባክቴሪያዎቹ በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በቅጠሉ ላይ ይኖራሉ እንጂ በአዲስ ገንዳ ውስጥ የሉም። በቂ ሆነው እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ቤት ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። የወይዘሮዋ ዓሦች ያለቁት በዚህ ጊዜ መካከል ነው። ሁለተኞቹም በዚያው ባልተዘጋጀ ውሃ ገቡ፤ በመካከሉ ገንዳው «ተበክሏል» ተብሎ በሳሙናና በሙቅ ውሃ ታጥቦ እንደ ሆነም የተጀመረው ሁሉ ጠፍቶ ሥራው እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

እንጀራ የሚጋግሩ እናቶች ይህን ከማንም ሊቅ ይልቅ በቶሎ ይረዱታል። ሊጡ በአዲስ ዕቃ ያለ እርሾ አይቦካም፤ እርሾ ያለቀበት ቤት ግን ከጎረቤት ይበደራል። የገንዳውም እርሾ እንዲሁ በብድር ይገኛል። ዓሦቹ በጤና የሚኖሩበት የቈየ ገንዳ ካለው ሰው ላይ የማጣሪያውን ስፖንጅ ግማሽ ለምኖ፣ በዚያው በራሱ ውሃ ውስጥ ሳይደርቅ ማምጣትና በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ ማድረግ ነው። ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። የሚበደሩት ቢያጡ ደግሞ ገንዳውን ውሃና አትክልት ሞልቶ፣ ዓሣ ሳያስገቡ፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ቍንጥር የዓሣ ምግብ እየጣሉ መጠበቅ ነው። የሚበሰብሰው ምግብ አሞንያ ይሰጣል፤ ባክቴሪያውም በእርሱ ይራባል። አሞንያና ናይትራይት መኖራቸውን በቀለም የሚያስታውቅ መመርመሪያ ከዓሣ ነጋዴ ዘንድ ይገኛል። ሁለቱም ዜሮ ሆነው ለአንድ ሳምንት ሲሰነብቱ ውሃው ዓሣ ሊቀበል ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ለታናሿ ልጅ ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ዓሦቹን የገደላቸው ያልበሰለ ውሃ ነው፤ ያንንም በቤቱ የነገረ ሰው አልነበረም። ይህን ሳይሸፋፍኑ ቢነግሯትና የመመርመሪያውን ቀለም በየሳምንቱ እያየች በደብተር የምትጽፈው እርሷ ብትሆን መልካም ነው። «ዛሬ ይገባሉ፣ ዛሬ አይገቡም» ብሎ የመፍረዱ ሥልጣንም ለእርሷ ቢሰጥ ታላላቆቿ እንዳይቸኵሉ ትጠብቃቸዋለች።

የደጋ ሰው ደግሞ ከመጻሕፍቱ የተለየ አንድ ጥንቃቄ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በውሃ የሚሟሟው ኦክሲጂንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን በባሕር ጠረፍ አንድ ሊትር ውሃ 8 ሚሊግራም ከጥቂት ኦክሲጂን ይይዛል፤ በአዲስ አበባ ግን ከ6 ሚሊግራም ጥቂት ከፍ የሚል ብቻ ነው። በሌሊት ደግሞ ዕፅዋቱ ራሳቸው እንደ ዓሦቹ ኦክሲጂን ይተነፍሳሉ እንጂ አይሰጡም። ስለዚህ በውጭ አገር መጽሐፍ «ለዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» የሚለውን ቍጥር ሩብ ቀንሶ መያዝ፣ የማጣሪያውም ውሃ ሲወድቅ ፊቱን እንዲያናውጠው ማድረግ ይገባል። ማለዳ ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው ፊት ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱ ከታዩ፣ በዝተዋል ወይም ውሃው ተበክሏል ማለት ነው።

ወይዘሮዋ የገዟቸው ቀያይ ዓሦች ጎልድ ፊሽ የሚባሉት ይመስሉናል። እነዚህ ሲገዙ እንደ ጣት ያነሱ ናቸው፤ ሲያድጉ ግን ከ20 ሳንቲሜትር ሊበልጡ ይችላሉ፣ ፍጋቸው ብዙ ነው፣ ለስላሳ ቅጠልም ይበላሉ። ለኩሬ እንጂ ለ54 ሊትር አይሆኑም፤ ለክብ ጎድጓዳ መስተዋትማ ከቶ አይሆኑም። በእኛ አስተያየት ለመጀመሪያ ጊዜ ስድስት ጉፒዎች፣ ሁሉም ወንዶች፣ ይበቃሉ። ወንዱ ጅራቱ ሰፊና ባለ ቀለም ነው። ወንድና ሴት የቀላቀለ ሰው በጥቂት ወር ውስጥ የዓሣ መንጋ ይዞ ወዴት እንደሚወስደው ይቸግረዋል። ሁለቱን አስገብቶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ፣ ከዚያ ሁለት መጨመር፣ ከዚያም የቀሩትን፤ ባክቴሪያው ከዓሦቹ ቍጥር ጋር እየበዛ እንዲሄድ ነው። ጉፒ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ይመቸዋልና፣ በክረምት ሌሊት ውሃው ከ20 በታች ለሚወርድበት ቤት ባለ 50 ዋት ትንሽ ማሞቂያ ያሻል።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ደግሞ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይጎዳል። ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ከነሌሊቱ ክፍቱን ቢያኖሩት ክሎሪኑ ይወጣል። በውጭ አገር የሚኖሩ አንባብያን ግን አንድ ልዩነት ይወቁ። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች፣ በዋሽንግተንም ከ2000 ጀምሮ፣ ውሃው የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን በማሳደር አይወጣም፤ ለዚሁ የተዘጋጀውን ጠብታ መጨመር ግድ ነው። ባልዲው ለገንዳው ብቻ የተለየ ይሁን፤ ሳሙና ነክቶት አያውቅ። ድንጋይ ከመስክ ሲያመጡም ጥቂት ኮምጣጤ ያፍስሱበት። ከፈላ የኖራ ድንጋይ ነውና ውሃውን ያጠነክራል፤ ካልፈላ ታጥቦ ይግባ።

ስለ ምግብ ያለን ምክር አጭር ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚጣሰው እርሱ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ በልተው የሚጨርሱትን ብቻ ይስጧቸው። የዓሣ ሆድ ከዓይኑ አይበልጥም ይባላል። በሳምንት አንድ ቀን ሳይበሉ ቢውሉ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም፤ ረቡዕን ወይም ዓርብን ለዓሦቹ የሚመድቡላቸው ልጆች እንዳሉ ሰምተናል፣ እኛም አልከለከልንም። ቤተ ሰቡ ለበዓል ወደ ገጠር ሲሄድ ደህና የሆነ ዐዋቂ ዓሣ አንድ ሳምንት ያለ ምግብ ይቈያል። ርኅሩኅ ጎረቤት በቀን ሦስት ጊዜ ሲመግብ ከሚደርሰው ጥፋት ይልቅ ይህ ይሻላል። ከአትክልቱ ጋር ሳይታሰቡ የሚመጡትም ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ክፉ አይደሉም። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው የሎንዶን ኬሚስት በ1850 ስለ ገንዳው ሲገልጥ፣ ከሁለቱ ወርቅማ ዓሦችና ከውሃ ተክሉ ጋር ቀንድ አውጣ እስኪጨምር ድረስ የሚበሰብሰው ቅጠል ውሃውን ያበላሽበት እንደ ነበረ አስረድቷል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚበሰብሰውን በልተው ገንዳውን አጸዱለት። ከልክ በላይ ከተራቡ ግን ምግብ በዝቷል ማለት ነው፤ ምግቡን ሲቀንሱ እነርሱም ይቀንሳሉ።

የሳምንቱ ሥራ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ከውሃው ሩቡን፣ ማለት 13 ሊትር ያህል፣ በላስቲክ ቱቦ በባልዲ ይቅዱና ያደረውን ውሃ በቀስታ ይመልሱ። ሙቀቱ የተቀራረበ ይሁን። ስፖንጁን በወር አንድ ጊዜ በወጣው የገንዳ ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ነው፤ በቧንቧ ሥር ማጠብ እርሾውን እንደ መድፋት ነው። እጅ ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊት መብራቱም ማሞቂያውም ማጣሪያውም ከሶኬት ይነቀል። ሽቦዎቹም ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ከተጠለጠሉ በኋላ ወደ ላይ ይመለሱ፤ በሽቦው የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ትእዛዝ እንጂ ምክር አይደለም። የሞላው ገንዳ ከነጠጠሩና ከነመስተዋቱ 75 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን የሚቀመጥበት ጠረጴዛ የማይነቃነቅ ይሁን። ኤሌክትሪክ ለብዙ ሰዓት ሲጠፋ ምግብ አይስጡ፤ በኩባያ ውሃ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባለታል።

አንድ ዓመት ሲሞላው አትክልቱ ይበዛል፤ የአኑቢያሱ ሥረ ግንድ ሦስትና አራት ቅጠል እየያዘ ሊቈረጥ ይችላል። የተረፈውን ለወዳጅ መስጠት ነው እንጂ ወደ ወንዝ፣ ወደ ኩሬ ወይም ወደ ቦይ አይጣል፤ ዓሦቹም እንዲሁ። በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጣና ሐይቅ መግባቱ የታወቀው እምቦጭ፣ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን የዞረው ለአበባው ውበት ሲባል በሰው እጅ ከአገር ወደ አገር ስለ ተወሰደ ነው። ውሃውን ሸፍኖ ብርሃንና አየር ስለሚነፍግ የጣና ዓሣ አስጋሪዎችና ገበሬዎች ስንት ክረምት በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ስለዚህ የሚቈረጠው ሁሉ በፀሐይ ደርቆ በጓሮው ፍግ ላይ ይጣል። በየሳምንቱ የሚወጣው የገንዳ ውሃም ናይትሬት ያለው ስለ ሆነ ለጓሮ አትክልት ቀለብ ነው፤ በጤና አዳሙ ወይም በጎመኑ ሥር ማፍሰስ ነው።